በየትኛው እጁ ያጎርሰዋል?

ጨዋታ ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ሥራ የፈታ ሰው ቀኑን የሚያስመሽበት ነገር ነው። ነገር ግን ጉዳዩን ጠጋ ብሎ ለተመለከተው፣ ጨዋታ ያለ ሕግ አይቆምም፤ ሕግ ያለው ነገር ሁሉ ደግሞ ሳይታወቅ ያስተምራል። ስለዚህም የአንድ ጨዋታ ሕግ የሚያስተምረው እውነትን ነው ወይስ ሐሰትን? ብሎ መጠየቅ የሥራ ፈት ጥያቄ አይደለም። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ ለጊዜው ሲሰሙት ተራ ነገር ይመስላል፤ ይኸውም በጨዋታ ላይ አንድ ተዋጊ በሁለት እጁ ሁለት ሽጉጥ ይዞ ቢነሣ ሕጉ እንዴት ሊፈርድለት ይገባል? የሚል ነው።

ጨዋታውን ለማያውቁት አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። አራት ወይም አምስት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። አንደኛው አጫዋች ይሆናል፤ አገሩን፣ መንገዱን፣ ወዳጁንና ጠላቱን በቃሉ የሚሥለው እርሱ ነው። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ሰው በሐሳባቸው ይፈጥሩና ስሙን፣ ጉልበቱንና ትጥቁን በወረቀት ጽፈው በዚያ ሰው ፈንታ ይናገራሉ፣ ይሠራሉም። «ወንዙን እሻገራለሁ» ያለ ተጫዋች መሻገር አለመሻገሩ ሲያጠራጥር ዳይስ ይጣላል፤ በዳይሱ ላይ የወጣውም ቍጥር ይፈርዳል። ይህ ዐይነቱ የሚና ጨዋታ በዓለም ላይ መሰራጨት የጀመረው ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለውን ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1974 ዓ.ም. አሳትመው ካወጡ ወዲህ ነው።

እኛም ከዩኒቨርስቲ የተመለስን ጥቂት ጓደኛሞች ሐይቅ ከተማ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰብን ይህንኑ እንጫወታለን። የፈረንጁን ዘንዶና ጠንቋይ ትተን ታሪኩን ወደ አገራችን አምጥተነዋል፤ ዘመኑ የዐፄ ቴዎድሮስ፣ ሥፍራው ከሐይቅ እስከ አምባሰል፣ ከአምባሰልም እስከ መቅደላ ነው።

ታዲያ ከዕለታት አንድ ቀን አንዱ ጓደኛችን የፈጠረው ፈረሰኛ ጥንድ ሽጉጥ አገኘ። ወዲያውም «ሁለት ሽጉጥ ስላለኝ በየተራዬ ሁለት ጊዜ እተኩሳለሁ፤ ሁለት ዳይስ ይሰጠኝ» አለ። አጫዋቹም «በሁለቱም ከተኮስክ ከእያንዳንዱ ዳይስ አራት ቍጥር ይቀነስብሃል» ሲል መለሰለት። አንዱ «መጽሐፉ እንዲህ ይላል» ሲል፣ ሌላው «የእኔ መጽሐፍ ደግሞ እንዲህ ይላል» ሲል ነገሩ እየከረረ ሄደ። ቡናው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተከራከርን፤ ሁለቱ ጓደኛሞችም ፊት ተነሣሡ።

የቤቱ ባለቤት የጓደኛችን አያት ናቸው። ከመደቡ ላይ ተቀምጠው፣ መቍጠሪያቸውን እየቆጠሩ፣ የማይሰሙ መስለው ሁሉንም ይሰሙ ኖሯል። በመጨረሻ «አብሽሩ ልጆቼ፤ እኔ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አሉን። «እሺ አባባ» አልናቸው። «ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ተኮሰ እንበል። ከዚያ ወዲያ በየትኛው እጁ ያጎርሰዋል?»

ሁላችንም ዝም አልን። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ጥያቄ ሳሰላስል ቆይቼ የደረስኩበትን አስተያየት ነው ዛሬ የምጽፈው።

በመጀመሪያ እውነተኛው ጥንድ ሽጉጥ ምን ይመስል እንደ ነበር እንመልከት። በዚያ ዘመን ብዙው ሽጉጥና ጠመንጃ በአፈሙዙ የሚጎርስ ነበር። ባሩዱ በአፈሙዙ ይፈሳል፤ እርሳሱ ይከተላል፤ በዘንግ ይጠቀጠቃል፤ ከመምቻው ሥር እሳት የምትጭረው ትንሽ የመዳብ ቆብ ትደረጋለች። ይህ ሁሉ ሲሆን አንደኛው እጅ መሣሪያውን ይይዛል፣ ሌላው እጅ ይሠራል። እንግዲህ በሁለቱም እጁ ሽጉጥ የያዘ ሰው የሚሠራበት እጅ የለውም ማለት ነው። ደግሞም የሰው ዓይን በአንድ ጊዜ የሚያየው በአንድ ማነጣጠሪያ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛው ጥይት የሚሄደው ወደ ዒላማው ሳይሆን ወደ ዕድሉ ነው።

ይህ ከሆነ ሰዎች ሽጉጥን ለምን ጥንድ ጥንድ አድርገው ይይዙ ነበር? የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ቴዎድሮስ የላኩላቸው፣ ቆንስል ካሜሮንም እ.ኤ.አ. በ1862 ዓ.ም. ይዞላቸው የመጣው ስጦታ ጥንድ ሽጉጥ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን የሠዉት ከዚሁ ስጦታ በአንደኛው መሆኑ በታሪክ ይነገራል። እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865 ዓ.ም. በተደረገው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነትም ሁለትና ሦስት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የበለጠ ሽጉጥ ታጥቀው የሚዘምቱ ፈረሰኞች ነበሩ። ምክንያቱ ግን በሁለት እጅ ባንድ ጊዜ ለመተኮስ አልነበረም፤ አንደኛው ባዶ ሲሆን ቆሞ ከማጉረስ ይልቅ ሁለተኛውን መምዘዝ ስለሚፈጥን ነው። አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ሲነቀል ባንዱ ተንጠልጠል» ያሉት ይህንኑ ነው። ተረቱ በሁለቱም ባላ ባንድ ጊዜ ተንጠልጠል አይልም።

በሁለት እጁ እያንጣጣ በበር የሚገባውን ጀግና የሰጠን ሲኒማ ነው። በመጀመሪያ የአሜሪካ የካውቦይ ፊልሞች፣ በኋላም እ.ኤ.አ. ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ እንደ ጆን ዉ ያሉ የሆንግ ኮንግ የፊልም አዘጋጆች ይህን ሥዕል በዓለም ወጣቶች ሁሉ ራስ ውስጥ ተከሉት። ለዓይን ያምራል፤ በፊልም ላይ ግን ጥይት አያልቅም፣ ቢያልቅም የሚቆጥረው የለም።

የአፈሙዝ ብዛትና የማጉረስ ፍጥነት በጦር ሜዳ ሲወዳደሩ ምን እንደሚሆን ለማየት ከወሎ መውጣት አያስፈልገንም። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ግርጌ በአሮጌ ሜዳ ላይ የፊታውራሪ ገብርዬ ሠራዊት ከእንግሊዝ ጦር ጋር ተጋጠመ። ከገብርዬ ጠመንጃ ያዦች ብዙዎቹ የታጠቁት በአፈሙዙ የሚጎርስ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ነበር። እንግሊዞቹ የያዙት ደግሞ አገራችን በኋላ ሰናድር ብላ የጠራችውን፣ አንድ አፈሙዝ ብቻ ያለውን፣ ነገር ግን ከበስተኋላው የሚጎርሰውን ስናይደር ነው። ባለ ሁለት አፈሙዙ ሁለት ጊዜ ተኩሶ ባሩድ ሲያፈስና ሲጠቀጥቅ፣ ሰናድር በደቂቃ እስከ አሥር ጊዜ ይተኩስ ነበር። እርግጥ ነው፣ እንግሊዞች መድፍና ሮኬትም ነበራቸው፤ ጀግንነት ግን ከማንም ወገን አልጎደለም። ሆኖም ከኢትዮጵያውያን ወደ 700 የሚጠጋ ሰው ሲወድቅ፣ ከእንግሊዝ ወገን የቆሰሉት ሃያ ያህል ብቻ ነበሩ። የሽማግሌው ጥያቄ በአሮጌ ሜዳ ላይ አንድ ጊዜ ተጠይቆ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ጨዋታው ሕግ እንመለስ። የፈረንጅ መጻሕፍት ለዚህ ነገር ብዙ ዐይነት መልስ ሰጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. የወጣው የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ሦስተኛ እትም በሁለት መሣሪያ ለሚዋጋ ያልሠለጠነ ሰው ከቀኝ እጁ 6፣ ከግራ እጁ 10 ቍጥር ይቀንስበታል፤ የሠለጠነ ከሆነ ግን ከሁለቱም 4 ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. የወጣው አምስተኛ እትም ደግሞ የሁለት መሣሪያ ሕጉን የሠራው በቅርብ ለሚዋጉባቸው ቀላል መሣሪያዎች ሲሆን፣ ሽጉጥን በዚያ ውስጥ አላገባውም። ለዚህም ነው በየጠረጴዛው ክርክር የሚነሣው።

ቍጥር የመቀነሱ ዘዴ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ሒሳቡን ስንሠራው ግን ሌላ ነገር ይወጣል። ዳይሱ ባለ ሃያ ገጽ ነው እንበል። መካከለኛ ተኳሽ ዒላማውን ለመምታት 11 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል፤ በአንድ ሽጉጥ መቶ ጊዜ ቢተኩስ 50 ጊዜ ይመታል። በሁለት ሽጉጥ ሲሆን 4 ስለሚቀነስበት 15 ያስፈልገዋል፤ በመቶ ተራ ሁለት መቶ ጥይት ተኩሶ 60 ጊዜ ይመታል። ይህ እንኳ ይሁን። 5 ብቻ የሚበቃው ዐዋቂ ተኳሽ ግን በአንድ ሽጉጥ 80 ጊዜ ሲመታ፣ በሁለት ሽጉጥ 120 ጊዜ ይመታል። 17 የሚያስፈልገው ጀማሪ ደግሞ በአንድ ሽጉጥ 20 ጊዜ ሲመታ፣ በሁለት ሽጉጥ 20 ቍጥር ካልወጣለት በቀር ጭራሽ ስለማይመታ ወደ 10 ጊዜ ይወርዳል። እንግዲህ ቅጣት የተባለው ነገር ደካማውን ይቀጣል፤ ኀይለኛውን ግን ይሸልመዋል። ይህ ሕግ ነው ወይ? ሕግስ ከባዱን ሸክም በማን ትከሻ ላይ ነው ማድረግ የሚገባው?

የሽማግሌውን ጥያቄ ሕግ ብናደርገው ግን ሚዛኑ ይስተካከላል። ሽጉጡን ለማጉረስ ሦስት ተራ ይፈጃል እንበል። አንድ ሽጉጥ ያለው ሰው በመጀመሪያው ተራ ይተኩሳል፤ በሁለተኛው፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ያጎርሳል፤ በአምስተኛው ይተኩሳል፤ በቀሩት ሦስት ያጎርሳል። በስምንት ተራ ሁለት ጥይት ተኩሷል። ሁለት ሽጉጥ ያለውስ? በመጀመሪያውና በሁለተኛው ተራ ይተኩሳል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱን ለማጉረስ ስድስት ተራ ይፈጅበታል። እርሱም በስምንት ተራ የተኮሰው ሁለት ጥይት ነው! ሁለተኛው ሽጉጥ ጥይት አልጨመረለትም፤ የኋላውን ጥይት ወደ ፊት አመጣለት እንጂ። ይህም ብድር ነው፤ ብድሩንም ዐዋቂው ተኳሽ ከጀማሪው እኩል ይከፍለዋል።

ስለዚህ እኔ የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። አንደኛ፣ በሁለት ሽጉጥ በተከታታይ ተራ የሚተኩስ ሰው ምንም አይቀነስበት። ሁለተኛ፣ ሁለቱንም በአንድ ተራ ልተኩስ ካለ ያነጣጠረበት አንዱ እንደ ወትሮው ይቈጠርለት፤ ሌላው ግን በአንድ ቤት ውስጥ እንዳለ ሰው ቅርብ በሆነ ዒላማ ላይ ካልሆነ አይምታ። ሦስተኛ፣ ለማጉረስ ባዶ እጅ ያስፈልጋል፤ ባዶ እጅ የሌለው ሰው አንዱን ሽጉጥ በመታጠቂያው ይሻጥ፣ ወይም መሬት ላይ ይጣል፣ ወይም ለሰው ይስጥ። አራተኛ፣ የሚሰጠው ሰው ካለ ያ ሰው ያጉርስለት።

ይህ አራተኛው ነገር ከሁሉ ይበልጥብኛል። በቀድሞው ዘመን የጌታውን ጋሻና ጠመንጃ ተሸክሞ ከአጠገቡ የማይለየው ጋሻ ጃግሬ እኮ በታሪካችን ውስጥ ያለ ሰው ነው። የፈረንጁ ሕግ ሁለተኛውን ሽጉጥ ለግራ እጅ ሲሰጠው፣ የእኛ ታሪክ ለሁለተኛ ሰው ይሰጠዋል።

«ጨዋታ ውስጥ ይህን ያህል ልማድና ታሪክ ማግባት ምን ያስፈልጋል?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን የጦርነት ጨዋታ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በቀይ ጨርቅ ላይ በጥቁር ወይም በሰማያዊ መስመር ተሠርቶ ይጫወቱት የነበረው ሰንጠረዥ የጦር ሜዳ ጨዋታ ነው። ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የትግሬው ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቶ ጽፏል። ሪቻርድ ፓንክረስትም ስለ ሕጉና ስለ ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1971 ዓ.ም. ሰፊ ጥናት አሳትመዋል። በዚህ ጨዋታ መጀመሪያ ላይ ወረራ የሚባል ክፍል ነበር፤ ተጫዋቾቹ ተራ ሳይጠባበቁ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ብቻ ነው ተራ የሚጀመረው። እውነተኛ ጦርነትም እንዲሁ አይደለምን? ጠላት ተራህ እስኪደርስ አይጠብቅም። እኛም ይህን ወስደን የመጀመሪያው ሰው እስኪቆስል ድረስ ሁሉም ባንድነት ሐሳቡን እንዲናገር አድርገናል፤ በየተራው ከመጠባበቅ ይልቅ ጠረጴዛው ሞቋል።

ሰንጠረዥ ሌላም ቁም ነገር አለው። ንጉሡን በኀይለኛው ጠጠር፣ ማለት በደር ወይም በፈረስ መርታት እንደ ተራ ነገር ይታይ ነበር፤ ክብሩ በደካማው ጠጠር ለሚረታው ነው። ኀይል ባለበት ቦታ ሁሉ ክብር እንደሌለ ያወቁ ሰዎች የሠሩት ሕግ ነው። ሁለት ሽጉጥ ስላለው ብቻ «ሁለት ዳይስ ይሰጠኝ» የሚል ተጫዋች ይህን ቢያስብበት መልካም ነው።

ሕጉን ስንጽፍ ደግሞ ቃሉን መመርመር ያስፈልጋል። «ሁለት ሽጉጥ ያለው በሁለቱ ይተኩሳል» ብሎ መጻፍ ጠብ መዝራት ነው። መተኮስ ይችላል ማለት ነው ወይስ መተኮስ አለበት? ባንድ ተራ ነው ወይስ በተከታታይ? እኛ የአምባሰል ጎረቤቶች ይህን ልንረሳ አይገባንም። ከሐይቅ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ውጫሌ በዓለም ታሪክ የታወቀችው በአንድ ቃል ምክንያት ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ዳግማዊ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለመጻጻፍ በኢጣልያ መንግሥት መገልገል እንዲችሉ ሲፈቅድ፣ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። «ይችላል» እና «አለበት» በተለያዩበት ቦታ ላይ የተከፈለው ዋጋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ታይቷል። የጨዋታ ሕግ ከአገር ውል ጋር አይወዳደርም፤ ነገር ግን በጨዋታ ላይ ቃልን መመርመር የለመደ ወጣት ነገ በመሥሪያ ቤቱ ደንብና ውል ሲያረቅቅ ልማዱ ይጠቅመዋል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ይህ ሁሉ ስለ አሮጌ ሽጉጥ ነው፤ ያሁን ዘመን ሽጉጥ እኮ ባለ ካዝና ነው» ይሉኛል። እውነት ነው፤ የማጉረሱ ጊዜ ያጥራል። ሆኖም ባዶውን ካዝና አውጥቶ ሙሉውን የሚያስገባው ያው እጅ ነው፤ ዓይንም ዛሬ እንደ ጥንቱ ባንድ ማነጣጠሪያ ነው የሚያየው። ሦስቱን ተራ ወደ አንድ ማውረድ ይቻላል፤ ጥያቄውን ግን ማጥፋት አይቻልም። ሌሎች ደግሞ «ጨዋታ ለመደሰት ነው፤ ሰውየው እንደ ፊልሙ በሁለት እጁ ቢያንጣጣ ማን ይጎዳል?» ይላሉ። ይህ የበለጠ ከባድ ጥያቄ ነው፤ መልሱንም ከመጽሐፍ አላገኘሁትም።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ ሐይቅ በደረሰ ጊዜ እኛ ዛሬ ጠረጴዛ ከብበን የምንቀመጠው ሁሉ ገና ተማሪዎች ነበርን። ከመካከላችን ለጊዜውም ቢሆን ቤቱን ጥሎ ያልሸሸ የለም። ጠመንጃ ምን እንደሆነ የተማርነው ከዳይስ አይደለም። የተተኮሰ ጥይት ሁሉ ከአንድ ቦታ የመጣ፣ አንድ ሰው የተሸከመው፣ ወደ አንድ ቦታም የሚሄድ መሆኑን እናውቃለን። ሽማግሌው «በየትኛው እጁ ያጎርሰዋል?» ሲሉ የጠየቁን ስለ ሕግ መጽሐፍ አልነበረም፤ መሣሪያ የያዘ እጅ ሌላ ምን መያዝ እንደማይችል ስለሚያውቁ ነው። ሁለቱም እጁ የተያዘበት ሰው የወደቀ ጓደኛውን አያነሣም፣ የልጁን እጅ ይዞ አይሮጥም፣ ውሃ አያቀብልም። መሣሪያ ያለ ዋጋ የሚገኝበት፣ ጥይት የማያልቅበት ጨዋታ ለሌላ አገር ልጅ ተራ ቀልድ ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን ያየነውን እንድንረሳ የሚያደርግ ሐሰት ነው፤ ደስታውም ቢሆን ከእውነተኛው ጨዋታ ደስታ ያንሳል።

ይህን የምለው በፈተና አይቼው ነው። በሚቀጥለው እሑድ ያ ጓደኛችን ተመልሶ መጣ፤ ከአጫዋቹም ጋር ታረቁ። በአዲሱ ሕግ ለፈረሰኛው አንድ ጋሻ ጃግሬ ጻፈለት፤ አሥራ ስድስት ዓመት የሆነው፣ ባሩድ ማፍሰስ የሚችል፣ ጨለማ የሚፈራ የአምባሰል ልጅ። ከዚያ ወዲህ ፈረሰኛው ወደ ጦርነት ከመግባቱ በፊት ሁልጊዜ «ልጁ የት ይቁም?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለት ጊዜም ልጁን ላለማጣት ሲል ሳይተኩስ በሽምግልና አልፏል። ሁለት ዳይስ ከጠየቀው ሰው ይህን ማን ይጠብቅ ነበር?

እንግዲህ በየከተማው ጨዋታ የምትጫወቱ ተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ ደንብ የምታረቅቁ ወጣቶች ሆይ፣ ከውጭ የመጣውን ሕግ መቀበል ነውር አይደለም፤ ሳይጠይቁ መቀበል ግን ነውር ነው። መጽሐፉን ዘርጉት፣ ሒሳቡን ሥሩት፣ ከዚያም ከመደቡ ላይ ዝም ብለው የተቀመጡ ሽማግሌ ካሉ ጠጋ ብላችሁ ጠይቋቸው።